የቃል ጭሰኛ

«በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ በአገራችን ከተጻፈ አንቀጽ ሁሉ የቆየ ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ተጣልተው አንደኛው ይህን ቃል ያሰማ እንደሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ፣ እግሩንም ይገታ ነበር። ከዚያም ነጠላቸውን አቆራኝተው ወደ ዳኛ፣ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ወደ ተቀመጠ ሽማግሌ ይሄዳሉ፤ ዳኛ የራቀ እንደሆነም መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉታል። ይህን አባቶቻችን ነግረውናል፤ አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎችም ጽፈውታል። ሕግ በዚያ ዘመን የሚሰማ ነገር ነበር። ጆሮ ያለው ይሰማው፣ አንደበት ያለው ይጠራው ነበር።

ይሁንና ያን ዘመን የፍትሕ ገነት አድርጎ መሣል ራስን ማታለል ይሆናል። በበላ ልበልሃ ሙግት የሚረታው ዘወትር እውነት የያዘው ሰው አልነበረም። ቃሉን አሳምሮ፣ ምሳሌ ጠቅሶ፣ በዘንጉ ምድር እየመታ ዳኛውንና ታዳሚውን የሚማርክ ተሟጋች ብዙ ጊዜ ያሸንፍ ነበር። በጌታው ፊት ቆሞ መናገር የሚከብደው ገበሬ ግን እውነቱን በሆዱ እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው ከወረቀትና ከማኅተም በፊትም የነበረ ነው፤ እውነት እያለው ቃል ለጎደለው ሰው ማን ይናገርለታል? የሚናገርለትስ በምን ዋጋ ነው?

ዛሬ ሕግ ከአንደበት ወደ ወረቀት ከተሻገረ ወዲህ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ከብዷል። መሬት የሚያከራይ ገበሬ፣ ቤት የሚከራይ የቀን ሠራተኛ፣ ጎጆ የሚገዛ ወጣት ባለትዳር ሁሉም ዕድላቸውን የሚያስሩት በወረቀት ላይ በተጻፈ ቃል ነው። ነገሩን በዚህ መጽሔት ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ካድሬው፣ መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ሦስቱም በቃል የሚተዳደሩ ናቸው። ሌላው ወገናችን በክንዱና በትከሻው ሲኖር እኛ በቃል እንኖራለን። የቃል ዕዳ የሚባል ነገር ካለ፣ ዕዳው በቅድሚያ የሚፈለገው ከእኛ ነው።

* * *

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ የደብረ ሲናን ቁልቁለት የተያያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ ከጋቢ አገር ወደ ሽርጥ አገር ይወርዳል። ብርዱ ከኋላው ይቀራል፤ ከፊቱ የይፋት ቆላ ይዘረጋል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቀወት ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ትምባሆ ይመረታል፤ መስኖ በሚደርስበትም ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል። ውኃ የሚያገኘው መሬት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያመርት ብዙ ዓይን ያርፍበታል። ገንዘብ ያለው ነጋዴ መሬት የለውም፤ መሬት ያለው ገበሬ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለውኃ መሳቢያ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ሁለቱን ደላላ ያገናኛቸዋል፤ ወረቀት ያስተሳስራቸዋል። አንዱ መሬቱን በእኩል ይሰጣል፤ ሌላው ለተወሰኑ ዓመታት ያከራያል፤ ክፉኛ የቸገረው ደግሞ ወለድ አገድ ይሰጣል። ወለድ አገድ ማለት ባለመሬቱ የወሰደውን ገንዘብ እስኪመልስ ድረስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ፣ ምርቱን በወለድ ፈንታ እየበላ የሚቆይበት ልማድ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ዘመን፣ ክረምቱን ለማሳለፍ ወደዚያ ወርጄ ሳለ ባላቸው የሞቱባቸው አክስቴ ለአንድ ጉዳይ ፈለጉኝ። ሁለት ጥማድ የመስኖ መሬት ነበራቸው። ልጃቸው ታሞ ለማሳከሚያ ገንዘብ ስለ ቸገራቸው መሬቱን ለአንድ የሽንኩርት ነጋዴ ሊያከራዩ ተስማምተዋል። ደላላው «ለሦስት ዓመት ነው» ብሏቸዋል። ውሉ በአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ አልቋል። አክስቴ ግን «የተማረ ልጅ አለኝ፤ እሱ ያንብብልኝ» ብለው ወረቀቱን በእጄ አስያዙኝ።

አነበብሁ። በዚያን ጊዜ በየመድረኩ ግጥም ማንበብ ጀምሬ ስለ ነበር በድምፄ እኮራ ነበር፤ ውሉንም እንደዚያው ባማረ ድምፅ አነበብሁት። በመካከሉ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበረ። ውል ተቀባይ ለውል ሰጪ የከፈሉት ገንዘብ ተጠቃልሎ ተመላሽ እስኪሆን ድረስ የመሬቱ ተጠቃሚነት በውል ተቀባይ እጅ ጸንቶ ይቆያል የሚል ነው። በመጨረሻም በአገራችን ውሎች እንደተለመደው፣ ውሉን ያፈረሰ ወገን መቀጮ እንደሚከፍልና ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና መሆኑ ተጽፏል። አክስቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። እኔም በምስክርነት ፈረምሁ።

ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ አክስቴ መሬታቸውን ጠየቁ፤ ነጋዴው ገንዘቡን ጠየቀ። ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀረበና እኔም በምስክርነት ተጠራሁ። «ወረቀቱን አንብበህላቸዋል?» አሉኝ። «አንብቤያለሁ» አልሁ። «ሰምተዋል?» አሉኝ። «ሰምተዋል» አልሁ። ሁለቱም መልሶች እውነት ነበሩ፤ ሁለቱ ተደምረው ግን ሐሰት ሆኑ። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በእጃቸው ያለው ያው ወረቀት ነበር። ነጋዴው ሁለት ዓመት ጨምሮ አርሶ ያለ ገንዘብ እንዲለቅ አስታረቁ። ስንወጣ አክስቴ ዝግ ባለ ድምፅ «አንተ እኮ አንብበኸው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ የገባው ሰው ጥያቄ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የችሎት ትዕይንት ያለበት ተውኔት ስጽፍ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥሁ። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ አክስቴና ነጋዴው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለራሳቸው ሕግ አውጪዎች ሆነው ነበር፤ አንደኛዋ ሕግ አውጪ ግን ያወጡትን ሕግ አያውቁትም። ጥቂት ቁጥሮች ወደ ኋላ ስመለስ ቁጥር 1728ን አገኘሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያተመበት ውል በሥራው ላይ ባለ ዳኛ፣ ውል አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሕጉን ያዘጋጁት ሰዎች አውራ ጣት እንደማያነብ ተረድተው ነበር። ስለዚህም በሹመቱ የሚጠየቅ ሰው በመካከል እንዲቆም አዘዋል። የአክስቴ ጣት ግን ያረፈው በማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። በሩ ነበረ፤ ቁልፍም አልነበረበትም፤ ከመካከላችን ግን በር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

* * *

ጭሰኛ የሚለው ቃል ጭስን ያስታውሳል። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ፣ ጭሱ የራሱ ሆኖ መሬቱ ግን የሌላ የሆነ ሰው ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ጭሰኛው እንደ አገሩ ልማድ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያገባ ነበር፤ አሥራቱም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በእሱ ጫንቃ ላይ ነበር። ከላይ ያነሣሁት የ1952ቱ ሕግ ለዚህ ግንኙነት ወሰን አበጅቶለታል፤ ይኸውም የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ጣሪያው ይህን ያህል ከፍ ብሎ ከተሠራ በኋላ ለጭሰኛው የሚሆን ጥላ አልተረፈም። ስምምነቱም አብዛኛውን ጊዜ የቃል ስለ ነበር ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ ጭሰኛውን ይነቅለዋል፤ ጭሰኛውም የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግም በፓርላማው ሳይጸድቅ ሥርዓቱ ወደቀ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ይዞታ አደረገ። መሬት መሸጥን፣ መለወጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የቤት ኪራይንም ቀነሰ። ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። የመሬት ክርክር ከፍርድ ቤት ወጥቶ ገበሬ ማኅበራቱ ወደሚያቋቁሟቸው የፍርድ ሸንጎዎች ሄደ። የትናንቱ ጭሰኛ በራሱ አነጋገር፣ በሚያውቃቸው ሰዎች ፊት ተከራከረ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ሸንጎ ለሕዝብ ቀረበ በተባለባቸው በእነዚያው ዓመታት ሥልጣን የጨበጠ ሰው ቃል ራሱ ሕግ ሆኖ ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ጠፍቷል። ሕግ ለጆሮ ቢቀርብም ከሹም በላይ ካልሆነ ለደካማው መጠለያ አይሆንም።

እንግዲህ የመሬት ጭሰኝነት በአንድ ቀን አዋጅ ተሽሯል። የቃል ጭሰኝነት ግን በአዋጅ የሚሻር አይደለም። የቃል ጭሰኛ የምለው መብት እያለው መብቱ የተጻፈበትን ቃል ከሌላ ሰው እየተዋሰ፣ በተዋሰ ቁጥርም ድርሻ እየከፈለ የሚኖረውን ሰው ነው። እሳቱ የራሱ ነው፤ የቆመበት ቃል ግን የባለ ዕውቀቱ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ደላላው፣ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ባዩ ሁሉ ከዚህ ሰው ምርት ሲሶና እኩሌታ ይወስዳሉ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ለዚህ ሰው ብዙ መብት ሰጥተውታል፤ የቃሉንም ሸክም በዚያው ልክ አክብደውበታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን፣ ገበሬም ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለይዞታው መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያከራይ ፈቀደ፤ በአማራ ክልልም ገበሬው የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበትን የይዞታ ደብተር በእጁ አስገባ። በ2016 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ደግሞ የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ መበደር የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል። በከተማ በኩል ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የሊዝ አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው የ2016ቱ አዋጅም የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ይሁንና በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚመርጧቸው ከተሞች ነው።

አሁን በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ያሉትን ቃላት በአንድ ገበሬ ጆሮ እንስማቸው። ርስት የሚለው ቃል መውረስን ይዞ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ይዞታ ከመያዝ የመጣ ነው፤ እጅ እስካልለቀቀ ድረስ የሚቆይ ይመስላል። ሊዝ ግን ከየት እንደ መጣ ጆሮ አያውቀውም። ሦስቱ ቃላት ሦስት ልዩ ልዩ መብቶችን ያመለክታሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ የተረዳ ሰው የማይሸጠውን የገዛ፣ ያላከራየውን ያከራየ ይመስለዋል። «ቦታ ገዛሁ» ብሎ ያጠራቀመውን ጥሪት ለሻጭ ያስረከበ፣ በኋላም የያዘው ወረቀት በመዝገብ ፊት ምንም የማይመዝን የሆነበት ሰው በየከተማው አለ። «በዚህ ወር ልቀቅ» የተባለ ተከራይም ውሉ የቃል ከሆነ የሚያሳየው ነገር የለውም፤ እንደ ድሮው ጭሰኛ ጭሱን ይዞ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ጥፋት ደግሞ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። ቤት ሲቃጠል በሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀትም አብሮ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም የቤቱን አመድ ከጠረገ በኋላ ቤቱ የእሱ እንደ ነበር የማስረዳት ሥራ ይጠብቀዋል።

* * *

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» የሚለው ነው። ይህ መርሕ ከሌለ ማንም ሰው «አላወቅሁም» እያለ ከግዴታው ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ተገቢ ነው። ነገር ግን መርሑ ሁለት ጫፍ ያለው ቀንበር ነው። ዜጋው ማወቅ ግዴታው ከሆነ ማሳወቅም የአንድ ወገን ግዴታ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቀንበሩ በአንድ በሬ ላይ ብቻ ይወድቃል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የአገራችንን ጎልማሶች ፊደል አስቆጥሯል፤ በዓለም መድረክም ተሸልሟል። ያ ዘመቻ ሊታወስ የሚገባው ማሳወቅን የመንግሥትና የተማረው ክፍል ዕዳ አድርጎ ስለ ተቀበለ ነው። ሆኖም ፊደል የቆጠረ ሁሉ ውል ያነባል ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ደርሼ የአክስቴን ውል አላነበብሁትም፤ ድምፅ ብቻ ሰጠሁት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዳኝነት ወገን ይመጣል። ዳኛ ለአንዱ ቃል ካዋሰ ለሌላው ጠላት ሆነ፤ ሚዛን የያዘ እጅ ሚዛኑን መግፋት የለበትም ይባላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ጠበቃ ይዞ፣ ሌላው አውራ ጣቱን ይዞ በሚቆሙበት ችሎት ሚዛኑ ዳኛው ከመቀመጡ በፊት አጋድሏል። ዳኛው ያን ጊዜ ዝም ቢል ዝምታው ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ከዚህ የሚከተለው ዳኛው ይሟገት ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ከደካማው ጎን ይቁም ማለት ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድኃ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል ክስ የሚያቀርብበትን መንገድ አበጅቷል። መልካም ነው፤ የበሩን ዋጋ ያስቀራል። ከበሩ ወዲያ የሚናገርበትን ቃል ግን አይሰጠውም። ሕገ መንግሥቱም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዘዘው፣ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ለሚጓደልበት የወንጀል ተከሳሽ ነው። ይህም የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ብሪታንያ ለድኃ ተሟጋቾች የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በሀብቷ የታወቀችው ኒው ዮርክ ከቤት የመልቀቅ ክስ ለቀረበባቸው ድኃ ተከራዮች ጠበቃ እንዲቆምላቸው የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከአሜሪካ ከተሞችም የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ቤቱን የሚያጣ ሰው ነፃነቱን እንደሚያጣ ሰው ተከላካይ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ በዓለምም ገና ለጋ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከገበሬው ከራሱ የሚሰማ ስለሆነ ከሁሉ ይከብዳል። ሙግት ያደኸያል፤ ጠበቃ ካየ ጎረቤት ጋር ዕርቅ የለም ይላል። በርስት ሙግት ከአገሩ ወጥቶ፣ በየችሎቱ ደጅ ሲጠና ያረጀ፣ ርስቱን አግኝቶ ጉልበቱን ያጣ ሰው በብዙ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አለ። ሆኖም ይኸው ሕዝብ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። ከበቅሎው ይልቅ ጭብጦዋ የምትቆጨው በዋጋዋ አይደለም፤ ሳይጠየቅና ሳይሰማ ስለ ተወሰደችበት ነው። ገበሬው የሚጠላው ሙግትን ከሆነ ለሙግት ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ከመፈራረም በፊት የሚሰጥ ምክር ነው። አክስቴ በዚያን ዕለት የሚያስፈልጋቸው ተሟጋች አልነበረም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛቸው የሚያስረዳቸው ሰው ነበር። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ሁለት ዓመት ምርት ባዳነላቸው ነበር።

* * *

በአገራችን ይህን ሥራ የጀመሩ አሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ የገቢ ምንጩን ባጠበበት ጊዜ ሥራው ክፉኛ ተዳክሞ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጁ ሲተካ መንገዱ እንደገና ተከፍቷል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቋቁመዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። 50 ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ በግማሽ ሰዓት ቢመነዘር ግን እንደ አክስቴ ያሉ 100 ሰዎችን ያዳርሳል።

ሆኖም እርዳታ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠበቃ የሚለው ቃላችን ከመጠበቅ የመጣ ነው። በይፋት ቆላ ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እየወነጨፉ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ግሪሳ የወረደ ጊዜ ሌሊቱ ከመንጋቱ በፊት ይወጣሉ። ጠባቂው እህሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ወፏን አባርሮ እሸቱን ራሱ ቢበላ ጠባቂ አይባልም፤ ሁለተኛ ወፍ ነው። በዕውቀቱ ሰውን የሚረዳ ሰው ፈተናም ይኸው ነው። የረዳው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ያለ እሱ ሊቆም ይችላል? ወይስ ለሁልጊዜ ወደ እሱ ደጅ እንዲመላለስ ሆኗል? በነፃ የተሰጠ እርዳታ እንኳ ተረጂውን በምስጋና አስሮ ከማወቅ ካራቀው አዲስ ባላባት ፈጥሯል ማለት ነው። ክፍያ የተቀበለ ጠበቃም ቢሆን ደንበኛውን «የፈረምኸው ይህንን ነው፤ የሚያስከትልብህም ይህንን ነው» ብሎ አስረድቶ ከሸኘው አንድ የቃል ጭሰኛ ነፃ አውጥቷል።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይመጣል። ካድሬው በስብሰባ ላይ የአዋጅ ቁጥርና የማጽደቂያ ቀን ሲዘረዝር አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ከአዳራሹ የወጣው ገበሬ ግን ውሉን የት ሄዶ ማስመዝገብ እንዳለበት አልሰማም። መምህሩ ለተማሪዎቹ ብዙ ዓይነት ድርሰት ያስተምራል፤ የኪራይ ውል ግን በክፍል ውስጥ አይነበብም፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሲሄድ እናቱ የምትሰጠው የመጀመሪያ ወረቀት ምናልባት እሱ ነው። የኪነ ጥበብ ሰውም ፍርድ ቤትን በመድረክ ላይ ሲያቆም ዳኛውን በጢም፣ ጠበቃውን በጩኸት ያስውባል፤ ተመልካቹ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ስለ ፍርድ የሚያውቀው ግን ሲገባ ከነበረው አይጨምርም። ይህን የምለው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ባማረ ድምፅ ማንበብና ማስረዳት አንድ እንደሆኑ ለረጅም ጊዜ ያመንሁት እኔ ራሴ ነኝ። ቃልን ማስዋብ ሙያችን ነው፤ የተዋበ ቃል ደግሞ ሰውን ራሱን እየነቀነቀ እንዲፈርም ሊያደርገው ይችላል።

አክስቴ በኋላ መሬታቸውን መልሰው አርሰዋል፤ ልጃቸውም ድኗል፤ ስለዚህ ታሪኩ የከፋ አልሆነም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የከፋ አለመሆኑ የነጋዴውና የሽማግሌዎቹ ልክ ማወቅ ነው፤ እኔን ነፃ የሚያወጣኝ ነገር የለበትም። ከዚያ ወዲህ ለውል ምስክርነት ስጠራ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ወረቀቱን አነብና አጥፌ እይዘዋለሁ። ከዚያም የሚያትሙትን ሰው «እስቲ አሁን ምን እንደ ተስማሙ እርስዎ ይንገሩኝ» እላለሁ። ብዙዎች ይሥቃሉ፤ አንዳንዶች ይቆጣሉ፤ ደላላ ሁልጊዜ ይቆጣል። ሰውየው በራሱ አነጋገር መናገር ከቻለ እፈርማለሁ። ካልቻለ ቀለሙ ይቆያል፤ ከመጀመሪያው መሥመር እንደገና እንጀምራለን።